ከሷ አጠገብ ያለው ቦታ

ሰኞ ማታ

ይህን የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ማንም እጄን አልያዘኝም። ዓምና እንዲህ ጊዜ ፈርም ሲሉኝ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ እነክር ነበር፤ ዘንድሮ ፊደል ከነዘሩ በእጄ ገብቷል። የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን፣ ቲቸር ነው የምንላቸው፣ "በየቀኑ ካልጻፋችሁ የተማራችሁት እንደ ሳሙና ይሟሟል፤ ትንሽ ትንሽ ጫር አድርጉ" ብለውናል። ትንሽ ትንሽ የሚባል ነገር በኔ ተፈጥሮ የለም። እኔ ከጀመርኩ መጽሐፍ ነው የሚወጣኝ።

ሥራዬን ላስተዋውቅ። የኩባያ ፋብሪካ ውስጥ አዳማጭ ነኝ። ከምድጃ የወጣው ኩባያ ጠረጴዛዬ ላይ ይደረደራል፤ እኔ ጠርዙን በትንሽ እንጨት መታ አደርገዋለሁ። ደህናው "ጥንንን" ይላል። ውስጥ ውስጡን የተሰነጠቀው፣ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያለበት፣ "ጠክ" ብሎ እዚያው ይሞታል። እሱን ስብርባሪ ሣጥን ውስጥ እወረውረዋለሁ። እንደኔ ያለ ጆሮ በዚህ ከተማ አልተፈጠረም። ፎርማኑ ራሱ "አንተ የሞትክ ዕለት ጆሮህን አስቀርተን ነው የምንቀብርህ" ይለኛል።

የዛሬው ነገር ግን ሌላ ነው። የምኖረው ከእትዬ፣ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እትዬ ፋብሪካው በር ላይ ሻይና ዳቦ ትሸጣለች። እሷው ናት ለኔ ብላ አንዷን ጆሮ ለጣፊ ለትዳር የጠየቀችልኝ። ጆሮ ለጣፊ የምንላቸው ጥሬው ኩባያ ላይ መያዣውን የሚለጥፉትን ሴቶች ነው፤ አንድ ረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይሠራሉ። ይህችኛዋ ጫፍ ላይ የምትቀመጠው ናት። ቀጭን፣ ጣተ ረጅም፣ ንግግሯ በቁና ሳይሆን በጭልፋ የሆነ። "እሷ ጆሮ ትለጥፋለች፣ እኔ በጆሮዬ እንጀራዬን እበላለሁ፣ ታዲያ ምን ጎደለን በይልኝ" ብዬ ነው እትዬን የላክኋት።

እትዬ መልሱን ያመጣችው በሰው ፊት ነው። "ወንድምሽ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ወሬው ብዙ ነው፤ እኔ ደግሞ ማታ መተኛት እወዳለሁ አለችኝ" አለች። አግዳሚው በሙሉ በሳቅ ተንፈራፈረ። እኔም ሳቅሁ። እንዲያውም ከሁሉም ድምፄ ይጎላ ነበር።

ምንም አልመሰለኝም።

ረቡዕ

ከክፍል በኋላ ቲቸርን ለብቻቸው ያዝኳቸው። ፊደል ስለጨረስን አሁን እንግሊዝኛ ጀምረናል፤ እኔ ደግሞ ትልልቅ ቃል ነው የምወደው።

"ቲቸር፣ አንዲት ሴት አንድን የተከበረ ሰው፣ እኔን ማለቴ አይደለም፣ ሊያገባት ጠይቋት ስትመልሰው እንግሊዞች ምን ይላሉ?"

"እምቢ አለችው ይላሉ።"

"እምቢ ብቻ አይደለም እኮ። ከነሳቁ።"

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። "ስፐርን የሚል ግስ አለ" አሉኝ። "አልቀበልም ከማለት ይከፋል፤ እየናቁ መግፋት ነው። በጥንቱ ጊዜ በእግር መትቶ ከፊት ማራቅ ማለት ነበር። ዛሬ እግሩ ቀርቶ ንቀቱ ብቻ ተርፏል።"

ደስ አለኝ። ስፐርን። ሲሉት ራሱ አፍ ውስጥ የገባ አሸዋ እንደመትፋት ነው።

"ግን ዝም ብሎ አይነገርም" አሉ። "ለምሳሌ አንተ ስንጥቁን ኩባያ ስትጥለው በዚህ ቃል አይባልም። እሱ ሥራ ነው። ይኼ ቃል እንዲመጣ መጀመሪያ አንድ ሰው እጁን መዘርጋት አለበት። ስጦታ ይሁን፣ ምክር ይሁን፣ ፍቅር ይሁን። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ደግሞ በልቡ መናቅ አለበት። ሴትዮዋ ንቃዋለች?"

"ስቃበታለች።"

"መሳቅና መናቅ ለየቅል ነው" ብለው ሰሌዳ ማጥፋት ጀመሩ።

ቲቸር ቃል ያውቃሉ እንጂ ሴት አያውቁም። ቤት ገብቼ ቃሉን ደጋግሜ ጻፍኩት፤ ገጹ ሞላ።

ዓርብ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ቆሜ

በጥድፊያ ነው። ጋሽ ምድጃ ወደቁ። ምድጃ የሚጠብቁት ሽማግሌ ናቸው። ማክሰኞ ዕለት ለቀልድ ግራ ትከሻቸውን በእንጨቴ መታ አድርጌ "ጋሼ፣ በግራ በኩል ስንጥቅ አለብዎ፤ ወደ ሣጥኑ ይግቡልኝ" ብያቸው ሰው ሁሉ ስቆ ነበር። ዛሬ ጠዋት እንደቆሙ ተዘረሩ። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። ሐኪም ቤት ወስደዋቸዋል።

ሴቶቹ እኔን ያዩኛል። "ዐውቆ ነው" ይባባላሉ።

ምኑን አውቄው። ግን ሰው ዐዋቂ ሲለኝ ለማስተባበል ምላሴ አልተለማመደም።

እሑድ

እትዬ ወሬውን ለመንደሩ በሙሉ አዳረሰችው። "ወንድሜ ሰው አንኳኩቶ ያውቃል" ትላለች። ጎረቤቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። መታ መታ አድርጌ "ይኼስ ጥንንን ይላል፣ ከፎቅ ቢወድቅም ወለሉ ነው የሚሰበረው" ብዬ እሸኛቸዋለሁ። ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ዝናብ ላይ ቆመው ተራ ሲጠብቁ ማየት እንዴት ያኮራል።

ማክሰኞ ማታ

በምሳ እረፍት ተሰልፈው ጠበቁኝ። ፎርማኑ ሳይቀር ኮቱን ከፍቶ ደረቱን ሰጠኝ። "አለቃ፣ አንተማ ደወል ነህ፤ ቤተ ክርስቲያን ይሰቅሉሃል" አልኩት። ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ያቺ ብቻ ከአግዳሚው አልተነሳችም። ሌሎቹ ጎተጎቷት። "ነይ እንጂ፣ ምን ያስፈራሻል? ደህና ከሆንሽ ደህና ነሽ" አሏት። ጭቃውን ከጣቷ እየጠረገች መጣችና ፊቴ ቆመች።

"በል ምታ። ወሬ ሳታበዛ ግን።"

እንደገና ተሳቀ። ትከሻዋን መታሁ። አዳመጥኩ።

"ስንጥቅ ናት" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። እኔ የቀልድ አስመስዬ ነበር ያልኩት፤ ቢያንስ አንድ ሰው ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ አንድ ጊዜ ዓይኔን አይታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ምን እንደሰማሁ እዚህ መጻፉ አስፈላጊ አይደለም። ደክሞኛል። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ አላስተኛ አለኝ።

ሐሙስ

ጆሮ ለጣፊዎቹ አንድ ልማድ አላቸው። በእረፍት ሰዓት እያንዳንዷ ከዳቦዋ ቆርሳ በግራዋ ላለችው ታቀብላለች። ሳይተያዩ ነው፤ ወሬያቸውን እያወሩ እጅ ለእጅ ይሄዳል። ቁራሹ በአግዳሚው እየዞረ ሁሉም የሌላዋን ይበላል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ካገኘሁት ልጠይቀው፣ ለአዳማጭ ለምን አልደረሰም ብዬ።

ዛሬ እሷ ቆርሳ ዘረጋች። በግራዋ ያለችው እጇን ሽርጧ ውስጥ ከተተች። እሷ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ቁራሹን በመካከላቸው አግዳሚው ላይ አኖረችው።

ከሰዓት በኋላም እዚያው ነበር።

ጆሮዬ ውስጥ ትንኝ ገብቷል መሰለኝ። ቀጭን ድምፅ አለ።

ዓርብ

ጠዋት የእትዬ ሻይ ቤት ነበርኩ። ቤት ማለቴ አንድ ጠረጴዛና ላስቲክ ጣራ ነው። ያቺ ጆሮ ለጣፊ መጣች። በእጇ የሠራችው ግራጫ ሻርፕ ይዛለች። "ያኔ የመለስኩልሽ መልስ ቅር አሰኝቶሽ ከሆነ ብዬ ነው፤ ብርድ ነው፣ እዚህ ስትቆሚ አንገትሽ ላይ ጣል ታደርጊዋለሽ" ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

እትዬ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ቀና አላለችም። ጠረጴዛውን በክርኗ ስትገፋው ሻርፑ ወደቀ፤ በጫማዋ ጫፍ ወደ ቦዩ ሰደደችው። "ስንጥቅ ነገር እኔ ዘንድ አይገባም" አለች፤ ለሷ ሳይሆን ለውሃው እንደምትናገር ሁሉ።

በእግሯ። ቲቸር እንዳሉት፣ በጥንቱ አሠራር። ቃሉን በዓይኔ አየሁት ብዬ ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው።

ሻርፑን ማንም አላነሳውም። እኔም ሥራ ረፍዶብኝ ነበር።

ሰኞ

አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች ጠጋ ጠጋ ብለው ተጨናንቀዋል። ከሷ አጠገብ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ አለ። ባዶው ላይ የዳቦ ቁራሾች ተደርድረዋል፤ የየቀኑ። የመጀመሪያው እንደ ድንጋይ ደርቋል። ጠራጊዋ ስትመጣ መጥረጊያዋን በዙሪያቸው አድርጋ አለፈች።

በየቀኑ ትዘረጋለች። ሰው እንዴት በየቀኑ ይዘረጋል? እኔ አንድ ጊዜ ነው የዘረጋሁት፤ ለዚያውም በእህቴ እጅ።

ትንኙ አልወጣም። ዘይት ጠብ አድርጌበታለሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት ስም ሲጠራ ፎርማኑ እሷ ጋ ደረሰ። ጠራት። "አቤት" አለች። ጥርት ያለ አቤት ነው፤ እኔ ከሩቅ ሰምቼዋለሁ። ፎርማኑ ቀና ብሎ አዳራሹን በዓይኑ ዞረ። በሷ ላይም አለፈ። እንደገና ጠራት።

"አቤት፣ እዚህ ነኝ።"

"የለችም" ብሎ ጻፈ።

እኔ በቀልድ የታወቅሁ ሰው ነኝ፤ ቀልድ ከሆነ ቀልዱ የቱ ጋ እንደሆነ ፈለግሁ። ፎርማኑ ዓይን ውስጥ አልነበረም። ሴቶቹ ከንፈር ላይ አልነበረም። እንደማይሰማ የሚያስመስል ሰው አንገቱ ይገተራል፤ እኔ እንደዚህ ያለውን በደንብ ነው የማውቀው። የሱ አንገት ልል ነበር።

እሷ ጭቃዋን አድበልብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ያው ማክሰኞ፣ ከእራት በኋላ

አንድ ነገር ረሳሁ። እሷ የለጠፈችው ኩባያ ያስታውቃል፤ ከመያዣው ሥር የአውራ ጣቷ ምልክት ይቀራል። ዛሬ ከምድጃ የወጣ አንድ ሳንዱቅ የሷ ነበር። ፎርማኑ አይቶ "ይኼን ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ ሳትመታ ጣለው" አለኝ።

ጣልኩት። ምን ላድርግ? አለቃ ነው።

አንድ በአንድ ስወረውር እያንዳንዱ ሣጥኑ ጋ ሳይደርስ፣ አየር ላይ እያለ፣ "ጥንንን" አለ። ማንም ሳይነካው። ቀና ብዬ ሰው ሰምቶ እንደሆነ አየሁ። ሁሉም አቀርቅሮ ይሠራል።

ትንኝ አይደለም። ይኼ ትንኝ አይደለም።

ሐሙስ

ለቲቸር የቤት ሥራ ሰጠሁ። "እትዬ ሻርፑን ስፐርን አደረገች" የሚል። ትክክል ነው ብለው በቀይ ምልክት አደረጉልኝና "ሻርፑ የማን ነበር?" አሉኝ።

"ምሳሌ ነው ቲቸር።"

"የዕውነት ይመስላል።" ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "አንድ ነገር ልጨምርልህ። መጽሐፍ ውስጥ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ የምታገኘው በተገፋው ወገን ነው። የተናቀ ወዳጅ፣ የተናቀ ስጦታ ይላል። ማን እንደናቀው አይነሳም።"

"አድራጊውስ ታዲያ የት ገባ?"

"ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። ውጭ ቆሞ ያያል።"

"ያደረጉት ብዙ ሰዎች ከሆኑስ?"

"ያኔማ ጭራሽ የሚጠይቅም የለ።" ትክ ብለው አዩኝ። "ዛሬ ቀልድ አላመጣህም። አሞሃል?"

ጆሮዬን ነው አልኳቸው።

ዓርብ

ፋብሪካው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሰው ተሰብስቦ ነበር። እትዬ "ወንድሜን አሳልፉት፣ እሱ ያነብላችኋል" ብላ በኩራት መንገድ አስለቀቀችልኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

"በለቀቀች ሠራተኛ ምትክ አንዲት ጆሮ ለጣፊ እንፈልጋለን። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች።"

አንድም ፊደል አልተደናቀፍኩም። አጨበጨቡልኝ። ዞር ስል እሷ ከሰዎቹ መሀል ቆማለች። ስታዳምጠኝ ነበር። ሰዎቹ ሲበተኑ በሷ ግራና ቀኝ ተከፍለው አለፉ፤ መንገድ ላይ የቆመ ምሰሶ ሲያጋጥም እንደሚደረገው።

እዚህ ከተማ ሰው የላትም። አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ያላት አግዳሚው ጫፍ ላይ ያለው ቦታ ብቻ ነው። ሰኞ ሌላ ሴት እዚያ ትቀመጣለች።

ማንበብ ባልችል ኖሮ ሌላ ሰው ያነበው ነበር። እንዲህ እያልኩ ነው የዋልኩት። ሌላ ሰው ያነበው ነበር።

ዓርብ ማታ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ

እሺ፣ ልጻፈው። ደብተሩ የኔ ነው፤ ከኔ በቀር አንባቢ የለውም።

የዚያን ቀን ትከሻዋን ስመታ የሰማሁት "ጠክ" አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ኩባያ መትቼ አላውቅም። "ጥንንን" አለ፤ ረዘመ፤ አፌ "ስንጥቅ" ሲል እንኳ ገና እየጮኸ ነበር። ይኸው እስካሁን አልቆመም። ጆሮዬ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ሌላውን ኩባያ መለየት አቅቶኛል። ሁሉም ከሱ ሥር ተውጦ "ጠክ" ይላል። ዛሬ ደህናውን ሁሉ ጥዬ ዋልኩ። ወደ አግዳሚው ጫፍ፣ በሷ አጠገብ ሳልፍ ብቻ ድምፁ ዝም ይላል። ሦስቴ ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሳሁ፤ ውሃ ጠምቶኝ አይደለም።

ነገ እናገራለሁ። እኔ ተናግሬ የማያምነኝ ሰው አለ እንዴ?

ቅዳሜ

ተናገርኩ። በእረፍት ሰዓት ሳንዱቅ ላይ ወጥቼ "ስሙኝ" አልኩ። ሁሉም ዞሩ። ፊታቸው ከወዲሁ ለሳቅ ተዘጋጅቷል።

"ጫፍ ላይ ያለችው ጆሮ ለጣፊ ደህና ናት። ያን ቀን ያልኩት ውሸት ነው። ደህና አድርጋ ጮኻለች፤ ስንጥቅ የለባትም።"

 አንዷ ክትክት ብላ ሳቀች። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ፎርማኑ እንባውን በመዳፉ እየጠረገ "ይኼ ሰውዬ እኮ አያልቅበትም" አለ። "ደግሞ ማናት እሷ?"

"ያቺትና" ብዬ በጣቴ አሳየኋቸው።

ጣቴን ተከትለው አዩ። ባዶ አግዳሚ ሲያይ ሰው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ይበልጥ ሳቁ። አንዷ ሆዷን ይዛ "ኧረ በቃህ፣ ገደልከን" አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳቀልኝ እያልኩ ነው የኖርኩት። እንዲህ ዓይነት ሳቅ እንዳለ አላውቅም ነበር። ከሳንዱቁ ወረድኩ። እግሬ ወደ ጠረጴዛዬ አልወሰደኝም፤ በአዳራሹ መሀል አልፌ ጫፉ ጋ ደረስኩና ከሷ አጠገብ፣ ባዶው ላይ፣ ተቀመጥኩ። ድምፁ ጸጥ አለ።

ዳቦዋን ቆርሳ ዘረጋችልኝ። ልክ እንደየቀኑ፤ ሳታየኝ። ተቀበልኩ።

"የትናንትናው ይሻልሃል ወይስ የዛሬው?" አለች፣ በአገጯ የደረቁትን እያሳየች። "ያኛው ጥርስ ይፈልጋል።"

ሳቄ መጣ፤ አልወጣም። "ያን ቀን የሰማሁት..." ብዬ ጀመርኩ።

"አውቃለሁ። እኔም ሰምቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"አዳማጩ አንተ ነህ" አለች። "እኔን ማን ይሰማኛል።"

ቀና ስል አዳራሹ አይስቅም ነበር። እኔንም አያየኝም ነበር። ፎርማኑ ጠረጴዛዬ ጋ ሄዶ እንጨቴን አነሳና "አዳማጩ ዛሬ የት ገባ?" ብሎ ጠየቀ። አንዷ "አልመጣ ይሆናል" አለችው።

እሑድ

ጠዋት እትዬ ቁርስ ስታቀርብ አንድ ሳህን ነው ያወጣችው። ቀልድ ነው ብዬ እኔም "ጾም ገባ እንዴ?" አልኳት። ተቀምጣ በላች። ከፊቷ እጄን አወዛወዝኩ። ዓይኗ ዝንብ እንኳ እንዳለፈበት አላደረገም።

"እትዬ፣ ቅር ካለሽ ተናገሪኝ። ብትፈልጊ ስደቢኝ።"

ተነስታ ሳህኗን አጠበች።

ቀትር ላይ ጎረቤታችን መጥታ ስለኔ ጠየቀቻት። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ፤ ጎረቤቲቱ ስትገባ በትከሻዋ ነክታኛለች።  "ሄደ" አለች እትዬ። "ሳይነግረኝ ሄደ። ጨዋታ አዋቂ ነበር። ቤቱ ጭር አለብኝ።" አለቀሰች። ጎረቤቲቱ እጇን ያዘቻት። እኔም ሄጄ ከእትዬ ጎን ተቀመጥኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ትከሻዋን አቀፍኩ። ብርድ ተሰምቷት መሰለኝ ነጠላዋን ሳብ አደረገችው።

ልብሴን አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ቲቸር የሰጡኝን የምስክር ወረቀት ግን ግድግዳው ላይ ተወችው።

ሰኞ

ከእትዬ ቀድሜ ወጣሁ። ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው ማንንም ሳይፈትሽ አያሳልፍም፤ እኔን አሳለፈኝ። አግዳሚው ጫፍ ላይ እሷ ነበረች። ጭቃ አቀበለችኝ። መያዣ መለጠፍ እንደማይመቸኝ ባወቀች ጊዜ "አዳማጭ ሆነህ ጆሮ መለጠፍ ያቃትህ?" አለችኝ። ዛሬ ቀልደኛዋ እሷ ሆናለች። እኔ የለጠፍኳት መያዣ ሦስት ጊዜ ወደቀች።

ስም ከተጠራ በኋላ ፎርማኑ አዲሷን ሴት ይዞ መጣ። ወጣት ናት፤ ፀጉሯ ከዝናቡ ገና አልደረቀም። ከሌላ ሰፈር የመጣች ነች፤ እዚህ ማንንም አታውቅም፣ ማንም ምንም አልነገራትም። ፎርማኑ በአዳራሹ መሀል አምጥቶ ጫፉ ላይ፣ እኛ ጋ፣ አቆማት።

"ይኼ ነው ቦታሽ፤ ሁሉም ባዶ ነው፣ የወደድሽው ጋ ተቀመጪ።"

ልጅቷ እኔን አየችኝ። ዕውነት አየችኝ፤ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ሲያርፍ ደነገጥኩ። ከዚያ ወደሷ ዞረች። ከዚያ ግራ ተጋብታ ወደ ፎርማኑ።

"ጋሼ፣ እዚህ እኮ ሰው አለ።"

የጭቃ ድምፅ ቆመ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ጣታቸው እንደተንጠለጠለ ቀረ። 

"የት?" አለ ፎርማኑ።

"እነዚህ። ሴትዮዋና ሰውዬው።"

ፎርማኑ ጎንበስ አለ። ጨለማ ክፍል እንደገባ ሰው ዓይኑን አጠበበ። አንገቱን አየሁት፤ ሥሩ ተገትሮ ነበር። እዚያው እንዳጎነበሰ ቀረ።

ልጅቷ መቆሙ አሳፈራት። ዳቦዋን በላስቲክ ጠቅልላ በደረቷ ይዛዋለች። የዚህችን ሴት ቦታ ልትወስድ የመጣች መሆኗን አታውቅም።

አጠገቤ ያለችው ሴት የደረቁትን ቁራሾች በእጇ ጠራርጋ ሽርጧ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወደኔ ጠጋ አለችና ለልጅቷ ቦታ አደረገችላት።